ለካንግ የታጨችው ልጅ

«ይቺኛዋ ፖሊስ አትጠራም።»

ትሪን ይህን የሰማችው እሁድ ጠዋት፣ የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ስስ በመሆኑ ወዲያ ማዶ፣ ለእንግዳ ባዘጋጀችው ክፍል ውስጥ፣ እናቷ ሻንጣ ስትከፍትና ስትዘጋ፣ አባቷ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሁሉ ይሰማል። እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው፤ ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ በጥፍር ማስዋቢያ ሱቋ ውስጥ በመሞረጃ ማሽን ጩኸት መሃል ስታወራ የኖረች ሴት ዝቅ ያለ ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። «አባቷ ያላትን የምትሰማ ልጅ ናት። ያቺኛዋ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ስለሆነች ነው እንደዚያ የሆነችው። ይቺ ቋንቋውን እስክትለምድ እንኳ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል።» አባቷ «እህ» ብቻ አለ። ቀጥሎ የሻንጣ ዚፕ ሲጎተት ተሰማ።

ትሪን አረፋውን ተፋችና ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ያቺኛዋ ማለት ቪቪያን ናት፤ የታላቅ ወንድሟ የካንግ የቀድሞ ሚስት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትሪን ለዕረፍት ወላጆቿ ወደሚኖሩበት ወደ ሂዩስተን ሄዳ ሳለች ካንግ የቪቪያንን መንጋጋ በቡጢ ሰበረው። ሆስፒታል የወሰደቻት ትሪን ነበረች። ቪቪያን መናገር ስላቃታት ስልኳ ላይ «ጥርሴን ፈልጊልኝ» ብላ ጽፋ አሳየቻት፤ ሐኪሞቹ መልሰው የሚተክሉት መስሏት ነው። ትሪን በጥድፊያ ተመልሳ ቤት ስትደርስ እናቷ የወጥ ቤቱን ወለል በበረኪና ወልውላ፣ ቆሻሻውን አውጥታ ጥላ፣ ለካንግ ሩዝ እያሞቀችለት ነበር። ፖሊስ የመጣው ሆስፒታሉ ድረስ ነው፤ ቪቪያን ራሷ በጽሑፍ አስጠርታው። ካንግ ለጥቂት ወራት ታሰረ፣ ተፈታ፣ ተፋታ። ቤተሰቡ ውስጥ ግን ከዚያ በኋላ የተወራው ስለተሰበረው መንጋጋ አልነበረም። የተወራው ፖሊስ ስለ መጠራቱ ነው።

ይቺኛዋ ማን እንደሆነችም ትሪን ለመገመት አልተቸገረችም። ለዛሬ ምሳ የተጠሩት ጎ ቫፕ ሰፈር፣ የአባቷ የሎክ የልጅነት ጓደኛ አቶ ዳት ቤት ነው። አቶ ዳት ደግሞ ያላገባች ሴት ልጅ አለቻቸው።

ትሪን ሳይጎን መኖር ከጀመረች ሰንብታለች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ፋብሪካ ለውጭ ገበያ የሚላከውን ጫማ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ ሶሉ ሲታጠፍ ይሰነጠቅ እንደሆነ፣ ሙጫው ሙቀት ይችል እንደሆነ። ወላጆቿ ከጦርነቱ በኋላ በጀልባ ያመለጡበትን አገር ልጃቸው ሥራ ልትሠራበት ተመልሳ መግባቷን ዘመድ ሲጠይቃቸው «ኩባንያው ልኳት ነው» ይላሉ። ይህ የመጀመሪያ ጉብኝታቸው ነው። ከመጡ ሁለተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል፤ ትሪንም በነዚህ ቀናት ቤቷ የራሷ ቤት አልመስላት ብሏል። እናቷ ከባህር ማዶ ያመጣችውን የአልኮል መጥረጊያ ከቦርሳዋ ሳትለይ በየምግብ ቤቱ የመብያ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ትጠርጋለች፤ «በረዶውን አትንኩ፣ ከየት ውሃ እንደሠሩት አይታወቅም» ትላለች፤ የተወለደችው ሚ ቶ ከተማ ወንዝ ዳር ሆኖ እስክታገባ ድረስ የጠጣችው የዚያኑ ወንዝ ውሃ ነው። አባቷ ደግሞ አስተናጋጁን በጣቱ ጠቅሶ ይጠራል። ሰርቶ ያገኘውን ሀብት ለማሳየት ሳይሆን፣ ትሪን እንደምትገምተው፣ ከዚህ አገር ሳይወጣ፣ ልጅ ሳለ፣ እሱ ራሱ በጣት ይጠራ ስለነበረ ነው። ይህን ስታስብ ታዝንለታለች። ከዚያ በጣቱ እንደገና ሲጠቅስ ታየዋለች፤ ሀዘኗም ይጠፋል።

ቁርስ ሊበሉ ከሕንጻው ሥር ወዳለው ቅያስ ወረዱ። ሴትዮዋ የተሰባበረ ሩዝ ላይ የከሰል ጥብስ የአሳማ ሥጋ እያደረገች ትሸጣለች፤ ጭሱ እስከ አሥራ አራተኛው ፎቅ ይወጣል። «አርባ ሺህ ዶንግ?» አለች እናቷ። «ትናንት ሠላሳ አምስት ነበር። አነጋገሬን ሰምታ ነው።» ሴትዮዋ ሰምታ «ሥጋ ጨምሯል እኮ እትዬ፤ እኔ ያሳደግኩት አሳማ አይደለም» ብላ ሳቀች። አባቷ ሳቀ። ትሪን ብቻ አልሳቀችም፤ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «የዛሬው ምሳ ለምሳ ብቻ ነው?» አለች።

«ለሌላ ለምን ይሆናል?» አለች እናቷ፣ እንጨቶቿን እየጠረገች።

«ሰምቻችኋለሁ። መታጠቢያ ቤት ነበርኩ።»

እናቷ መጥረጊያውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። «እና ምን ይጠበስ? ካንግ አርባ ሊሞላው ነው። ብቻውን የቆርቆሮ ምግብ እየበላ ይሙት?»

«ቪቪያንን መምታቱን ንገሯቸው። ከነገራችኋቸው በኋላ ከፈለጉ ይዳሩ።»

«ተቀጥቷል፤ ያ ያለፈ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ ያዘዘውን የንዴት ትምህርትም ጨርሷል። ሰው ይለወጣል።»

«ከተለወጠ ለምን ፖሊስ የማትጠራ ፈለግሽለት?»

አባቷ እስካሁን ሥጋውን እየቆራረጠ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት፤ ከመጣ ጀምሮ እንደዚህ ቀጥ ብሎ አይቷት አያውቅም። «ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ። «ጀልባው ላይ የተያዘው ቦታ የኔ አልነበረም። የዳት ነበር። እናቱ ታመሙበትና አንተ ሂድ ብሎ ሰጠኝ። ልብሱን ሳይቀር ነው የሰጠኝ። እኔ እዚያ ደርሼ ልጆች አሳደግኩ፤ እሱ እዚህ ቀርቶ ያየውን እሱ ነው የሚያውቀው። አሁን ልጄን ውሰድልኝ፣ ከዚህ አውጣልኝ አለኝ። ምን ልበለው? ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ አፍሽን ዝጊልኝ።»

አባቷ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወስዶ መብላቱን ቀጠለ። የሥጋው ስብ አገጩ ላይ ወዝቶ ታያት።

ጎ ቫፕ ሲደርሱ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። የአቶ ዳት ቤት እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ወርዱ የአንድ በር ያህል፣ ርዝመቱ ግን መጨረሻው የማይታይ፣ ወደ ላይ ሦስት ፎቅ የተቀጠለ ነው። ሁለት ሞተር ብስክሌት ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጎን ቆመዋል። የቤንዚኑ ሽታ ከአያት ቅድመ አያት ፎቶ ፊት ለሙታን መታሰቢያ ከተቀመጠው የበሰለ ማንጎ ሽታ ጋር ተደባልቋል። አቶ ዳት ከሲታ፣ ሳቂታ፣ ጥርሳቸው በሲጋራ የጠቆረ ሰው ናቸው። አባቷን ሲያዩ «አንተ ወፍራም!» ብለው ሆዱን በእጃቸው መቱት። አባቷም «አንተ እንጨት!» አላቸው፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ሁለቱም እንባ በእንባ ሆኑ። ትሪን ለአንዲት ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ቀርቶ ይህ ብቻ በሆነ ብላ ተመኘች።

ሚስታቸው ወይዘሮ ሚ ዝምተኛ ናቸው። ሰላም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የታዩት ሳህን ይዘው ሲገቡና ሳህን ይዘው ሲወጡ ብቻ ነው። የተቀቀለ ዶሮ፣ ሽሪምፕ፣ በጎመንና በቲማቲም የተሠራ የዓሣ ሾርባ፣ በሩዝ ወረቀት የተጠቀለለ አትክልት ወለሉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተደረደረ። ትሪን የእናቷን ቦርሳ አየች፤ መጥረጊያው ዛሬ አልወጣም። በዚህ ቤት እናቷ በረዶውንም ጠጣች።

ልጅቷ ከላይ ወረደች። ሃን ትባላለች፤ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አጎንብሳ ሰላምታ ሰጠችና ከጫፍ ተቀመጠች። ወንዶቹ ቢራ ከፍተው ስለ ሚ ቶ ያወሩ ነበር፤ የትኛው መምህር እንደሞተ፣ የትኛው ልጅ ካድሬ ሆኖ እንደከበረ፣ የቱ ሲኒማ ቤት ፈርሶ ባንክ እንደተሠራበት። የትሪን እናት ጨዋታውን ብዙም አልሰማችም። ልጅቷን ነው የምታየው። ትንሽ ቆየችና «እጅሽን እስቲ» አለቻት።

ሃን ነገሩ ሳይገባት እጇን ሰጠች። እናቷ ገልብጣ አየችው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረገቻቸው፣ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ አጠፍ አድርጋ ለቀቀችው። ትሪን ፋብሪካ ውስጥ ጫማ የምታጥፈው ልክ እንደዚያ ነው። «ጥሩ ነው» አለች እናቷ ወደ ባሏ ዞራ። «ቀጫጭን ነው፣ አይንቀጠቀጥም። በሁለት ወር ውስጥ የጥፍር ጄል መቀባት ትችላለች።» ከዚያ ለልጅቷ ፈገግ አለችላት። «ሱቃችን ትልቅ ነው። አሥር ወንበር አለን። ሰው መቅጠር ደግሞ ዛሬ አይቻልም፤ አንድ ነገር ስትናገሪያቸው ጥለውሽ ይሄዳሉ። የራስሽ ሰው ሲሆን ግን ሌላ ነው።» አቶ ዳት «ትማራለች፣ ምን ችግር አለው፣ ልጄ ጎበዝ ናት» አሉ። ሃን እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሸሸግ አድርጋ በሱሪዋ ጠረገችው። ትሪን አየቻት። አፏ ውስጥ የያዘችው ሽሪምፕ እንደ ላስቲክ ሆነባት።

ቀጥሎ የስልክ ፎቶ ዞረ። ካንግ ከመኪናው አጠገብ፣ ካንግ ባህር ዳር፣ ካንግ ሱቁ በር ላይ እጁን አጣምሮ። አቶ ዳት መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን አዩ። «መልኩ አንተን ነው የሚመስለው፤ አንተም እንደዚህ ነበርክ፣ ኮስታራ» አሉ። ከዚያ ወደ ትሪን ዞሩ። «አንቺ እህቱ ነሽ። እናት ሁልጊዜ ልጇን ታሞግሳለች፤ እህት ግን አትዋሽም። እስቲ ንገሪን፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አባቷ የቢራ ብርጭቆውን አየ። እናቷ ሾርባ ቀዳች። ወይዘሮ ሚ ሳህን ይዘው የጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር፤ አልገቡም፣ አልተመለሱምም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ትሪን የአባቷን እጅ አየች፤ ብርጭቆውን የያዘበት እጅ ያረጀ፣ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቁበት አሴቶን የተላጠ እጅ ነው። «ታታሪ ነው» አለች። «ሥራ ላይ ታታሪ ነው።»

«ይኸው!» አሉ አቶ ዳት፤ ብርጭቆ አጋጩ። ያለችው ውሸት አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቅለሸለሻት። ተነስታ ባዶ ሳህኖች ሰበሰበችና «ላግዝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሃን ተከትላት ገባች፤ «ተይው እህት ትሪን፣ እንግዳ ነሽ» እያለች።

ጓዳው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛ አያልፍም። ሃን ገንዳው ላይ አጎንብሳ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ትሪን በሩን ገፋ አደረገችው። እንዴት እንደምትጀምረው አላወቀችም፤ ስለዚህ በቀጥታ ተናገረችው። «ወንድሜ የመጀመሪያ ሚስቱን ይመታት ነበር። መንጋጋዋን ሰብሮታል። ታስሯል። ቅድም መናገር ስችል አልተናገርኩም።»

ሃን ማጠቧን አላቆመችም። አንድ ሳህን አለቀለቀች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች። ትሪን ያልሰማቻት መሰላት። ከዚያ ልጅቷ «አንዴ ነው ወይስ ደጋግሞ?» ብላ ጠየቀች።

«ብዙ ጊዜ። እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ነው።»

«እኛ ጋ የሚመጡ ሴቶች አሉ» አለች ሃን። «ከሞተር ወደቅሁ ይሉና የህመም ማስታገሻ ይገዛሉ። አንዳንዷ ባሏ ውጭ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃታል። ቀን ከሌት እነሱን ሳይ ነው የምውለው።» ውሃውን ዘጋች። «አባቴ ያውቃል?»

«አላውቅም። የነገሩት አይመስለኝም።»

«እኔ ደግሞ እሱ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም» አለች ሃን። «ወሩን ሙሉ ሲዘፍን ነው የከረመው። ቤቱን ቀለም አስቀባ።» እጇን በፎጣ ጠርጋ ለአፍታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ሸሚዟን አስተካክላ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ትሪን ልትጠይቃት የፈለገችው ነገር ብዙ ነበር፤ ሃን ግን አልጠበቀቻትም፤ ትሪንም ተከትላት ወጣች።

የትሪን እናት ወዲያው ሃንን «ነይ፣ ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። ስልኩን ከብርጭቆ ጋር አስደግፋ እየደወለች ነበር። ሂዩስተን እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ካንግ ግን አልተኛም፤ ሱቅ ዘግቶ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። አቶ ዳትን አጎንብሶ ሰላም አለ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ጨዋ ነበር። እናቷ ፊቷ ሁሉ በራ። ስልኩን ወደ ሃን አዞረችውና «በሉ እናንተ ተጫወቱ፣ እኛ የለንም» አለች፤ ሁሉም ሳቁ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ሃን። «አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ሁለትም ጠይቂ» አለ ካንግ፤ ሳቅ እያለ።

«የቀድሞ ሚስትህን ለምን መታሃት?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ለመጥፋት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ካንግ ተነስቶ ተቀመጠ፤ ስክሪኑ ተናወጠ። «ማነው የነገረሽ? ትሪን ናት አይደል? እዚያ አለች? ያቺን ውሻ ስልኩ ላይ አምጧት!» እናቷ «ካንግዬ፣ ካንግዬ፣ ሰው አለ፣ ተው» ማለት ጀመረች። እሱ ግን አልሰማትም፤ የሆነ ነገር ወርውሮ ግድግዳ ላይ ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሃን እንዲህ አላት፤ «አንቺስ ማን ሆነሽ ነው እኔን የምትጠይቂኝ? ግድ የለም። ትመጪ የለ? ስትመጪ እንተያያለን።»

የትሪን አባት እጁን ሰዶ ስልኩን ዘጋው።

የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት አቶ ዳት ናቸው፤ የተናገሩት ደግሞ ለልጃቸው ነው። «እንግዳ ፊት እንዲህ ይደረጋል? ወንድ ነው፣ አናደድሽው። ሎክ እኮ አልደበቀኝም። ባለፈው ሳምንት በስልክ ነግሮኛል። አንድ ጊዜ ተሳስቷል፣ ተቀጥቷል፣ አለቀ።»

ትሪን አባቷን አየችው። አባቷ ምንጣፉን ያያል። ጠዋት ያን ሁሉ የለመናት፣ አፍሽን ዝጊ ያላት፣ ከአቶ ዳት እንድትደብቅለት አልነበረም ማለት ነው። አቶ ዳት ያውቃሉ። እናቷ ታውቃለች። እዚህ ቤት ውስጥ እንዳታውቅ የተፈለገችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የምትሄደዋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የተቃቀፉበት እንባ፣ የጀልባው ቦታ፣ የተሰጠው ልብስ ሁሉ ባንዴ ቆሻሻ ነገር ሆኖ ታያት።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?» አለች ሃን።

«እዚህ ምን አለሽ?» አሉ አቶ ዳት፤ አሁን ድምፃቸው ልመና ሆነ። «ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ክኒን ትሸጫለሽ። እኔ ነገ እሞታለሁ። እዚያ ሰው ትሆኛለሽ። የሚመታ ሁሉ ይገድላል እንዴ? ትንሽ ትታገሻለሽ፣ ልጅ ትወልጃለሽ፣ እሱም ይበርዳል።»

ሃን አላለቀሰችም። አባቷን አየቻቸውና ደረጃውን ወጣች። ላይ በር ተዘጋ።

የትሪን እናት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ» አለች። አባቷም ማንኪያውን አነሳ። አቶ ዳት ቢራ ሊቀዱለት ጎንበስ አሉ። «ልጅ ናት» አሉ። «ሁለት ቀን ትኮርፋለች። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ—»

ያኔ ነው ወይዘሮ ሚ የመጡት። አጎንብሰው የትሪን አባት ፊት ያለውን ሳህን አነሱ። ሩዝ ነበረበት፤ አባቷ ማንኪያውን ሊያገባ ሲል ሳህኑ ከሥሩ ተነሳበት፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀጥለው የእናቷን አነሱ። ዶሮውን፣ ዓሣውን፣ የቢራውን ብርጭቆ ከባላቸው እጅ ሳይቀር ወስደው በትልቁ ትሪ ላይ ደረደሩት። «አንቺ ምን እየሆንሽ ነው?» አሉ አቶ ዳት። «ሰው እየበላ እኮ ነው!»

«ምሳው አልቋል» አሉ ወይዘሮ ሚ።

ከዚያ ትሪውን ይዘው አልሄዱም። መሬት አስቀምጠው ደረጃው መጀመሪያ ላይ ቁጭ አሉ፤ ወደ ልጃቸው ክፍል የሚወጣ ሰው ቢኖር እሳቸውን ረግጦ ማለፍ አለበት። አቶ ዳት ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ለእንግዶቹ ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ ሚ ከደረጃው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አባቷ ተነሳና ጫማውን ፈለገ። በር ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች ሊቃቀፉ ፈልገው እጅ ለእጅ ብቻ ተያያዙ፤ ምን እንደሚባባሉ አላወቁም። ትሪን ወይዘሮ ሚን ለመሰናበት ዞር አለች። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ምስጋና ይሁን ወቀሳ ትሪን አልለየችውም፤ ቅድም «ታታሪ ነው» ስትል በሩ ላይ ቆመው እንደነበር አስታወሰች።

ታክሲው ውስጥ አባቷ ከሹፌሩ ጎን፣ እናትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። መንገዱ በጎርፍ ተሞልቶ ሞተረኞቹ እግራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። እናቷ ቦርሳዋን ከፍታ መጥረጊያ አወጣችና እጇን ጠረገች፣ እያንዳንዱን ጣት፣ የጣት መሃሉን ሳይቀር።

«አስቀየምሽን» አለች። «አባትሽን በሽምግልናው አዋረድሽው።»

«ልታውቅ ይገባታል። የምትመታው እሷ ናት።»

«ልታውቅ ይገባታል!» እናቷ ሳቀች፤ ሳቁ ደረቅ ነበር። «እኔንስ ማን ነገረኝ?»

ትሪን ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ በመስኮቱ ጎርፉን ነው የምታየው። አባቷ በትሪን ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ትሪን የምታውቀው አባት ዝም ብሎ የሚሠራ፣ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው ነው። ግን በጣም ልጅ ሳለች እናቷ ሱቅ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጋ የምትሠራባቸው ቀናት ነበሩ፤ ደንበኞቹ ሲጠይቁ «ዓይኔን ኬሚካሉ ነው» ትል ነበር። ትሪን እስከዛሬ ኬሚካሉ ነው ብላ ነበር የምታምነው። ከፊት ያለውን የአባቷን ማጅራት አየች። ሁሉን ሰምቷል። ማጅራቱ ቀልቷል። አባቷ ሹፌሩን «ወደፊት ያለው መንገድም እንዲህ ሞልቷል?» ብሎ ጠየቀው። ሹፌሩም «ድልድዩ ጋ ይብሳል ጋሼ» አለው።

ትሪን የእናቷን እጅ መያዝ ፈለገች። እጁ አልኮል አልኮል ይሸታል። ያዘችው። እናቷ አልከለከለቻትም፤ ግን መልሳም አልጨበጠቻትም፤ ትንሽ ቆይታ ቦርሳዋን ልትዘጋ በሚል ሰበብ እጇን አወጣች።

ቤት ሲደርሱ አባቷ ሆቴል እንደሚሄዱ ተናገረ። ትሪን አልለመነቻቸውም፤ ሻንጣዎቹን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችላቸው እንጂ። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ከፈተ፤ የሚያየው ግን አይመስልም። እናቷ ልብስ ታጣጥፋለች። ትሪን በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቆማለች። ከቅያሱ የሥጋው ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሴትዮዋ ለማታው ገበያ ከሰሏን አያይዛለች። ትሪን እናቷን እያየች ብዙ ነገር አሰበች። አሁን ብትቀመጥ፣ አሁን ብታለቅስ፣ ስለ መነጽሩ አንድ ቃል ብትናገር፣ ሻንጣዎቹን መልሼ እሰቅላቸዋለሁ አለች በልቧ። ለሰከንድ ያህልም እናቷ የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ይዛ ቀጥ ብላ ስትቀር፣ ልትናገር ነው ብላ ጠበቀች።

«ሎክ» አለች እናቷ ወደ ባሏ ዞራ። «ነገ ለምን ካን ቶ አንሄድም? እዚያ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ። ሦስት ሴት ልጆች አሏት፤ አንዷም አላገባችም። ካንግ ልቡ እንዲሰበር አልፈልግም።»

አባቷ ቴሌቪዥኑን ያያል። «እህ» አለ።

ትሪን ወደ ክፍሉ ገባችና ከእናቷ ፊት ቆመች።

«ማን ትባላለች?»

«ማን?»

«የካን ቶዋ ጓደኛሽ።»

እናቷ የሸሚዙን እጅጌ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው። «ምን ያደርግልሻል?»

«ብትነግሪኝም ባትነግሪኝም አገኛታለሁ» አለች ትሪን። «ከናንተ ቀድሜ ነው የምደርሰው።»